ባለ 2 ሜትር አኳሪየም በጥቁር አፈር ላይ፦ የወለሉ፣ የመቆሚያውና የክፍሉ ነገር

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር ውስጥ አዲስ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርተን ገብተናል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም በ12 ሚሊ መስታወት ልናሠራ ነው። ባለቤቴ ፎቅ ሳሎኑ ላይ ይቀመጥ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ምድር ላይ ያለችውን 3 በ4 ክፍል ልልቀቅለት ባይ ነኝ። መቆሚያው ከእንጨት ይሁን ከብረት? ክፍሉስ ምን ምን ያስፈልገዋል? ልናኖር ያሰብነው የጣና ዓሣ ነው። ግቢያችን ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል።»

መልስ፦ ከጻፉት ሁሉ ትልቁን ነገር የያዘችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናትና ከእሷ ልጀምር። ትልቅ አኳሪየም ሲታሰብ ሰው ሁሉ የሚሰጋው መቆሚያው እንዳይሰበር ነው። በወጉ የተበየደ የብረት መቆሚያ ግን ይህን ያህል ክብደት ተሸክሞ አይሰበርም። ተጠርቼ ሄጄ ካየኋቸው የተሰነጠቁ ገንዳዎች አብዛኞቹን ለዚያ ያበቃቸው ወለላቸው ነው፤ አንዱ ማዕዘን ሰጥሞ ወይም ተነሥቶ መስታወቱን ጠምዝዞታል። መስታወት ጭነትን ይችላል፣ መጠምዘዝን አይችልም። ዋልካ የምንለው ይህ ጥቁር አፈር ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲዘልቅ ደርቆ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለውን ወለልም በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የእርስዎ መቆሚያ ሥራ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው።

በቅድሚያ ክብደቱን እንደምረው። በልኩ 2 ሜትር በ60 በ60 የሆነ ገንዳ እስከ አፉ 720 ሊትር ይይዛል። ትንሽ ጎደል አድርገው ቢሞሉት ውሃው ብቻ ወደ 700 ኪሎ ነው። የ12 ሚሊ መስታወት አንድ ካሬ ሜትር 30 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ከላይ ከሚገባው ማጠናከሪያ ጋር መስታወቱ 140 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አሸዋና ድንጋይ፣ የሚያስለቅቁት ውሃ ተቀንሶ፣ ወደ 100 ኪሎ ይጨምራሉ። መቆሚያው 90 ኪሎ፣ ከሥር የሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ ከነውሃው 140 ኪሎ። ድምሩ ወደ 12 ኩንታል ይጠጋል። ከአንድ ሰው አልጋ በማይበልጥ ቦታ ላይ 12 ኩንታል ጤፍ ደርድሮ ለዓመታት ሳያነሡ መተው ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ እንምጣ። ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ ይሁን ማለታቸው ተገቢ ምኞት ነው። ነገር ግን ለመኖሪያ ቤት የሚሠራ ሶሌታ (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ሲሰላ ለሰውና ለዕቃ የሚታሰብለት ጭነት በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ገንዳ በሚያርፍበት ቦታ በካሬ ወደ 1,000 ኪሎ ይጫናል። ሶሌታው በአንድ ሌሊት ይደረመሳል አልልም፤ ጭነቱ ሳያቋርጥ ሲቆይ ግን ኮንክሪት ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ የጎበጠው ወለልም መስታወቱን ይጠመዝዛል። ቤቱን የነደፈው መሐንዲስ የፌሮውን ፕላን አይቶ፣ ከታች ቢም ያለበትን መስመር መርጦ፣ ይቻላል ብሎ ካልፈረመ በስተቀር ፎቅ ላይ አይሞክሩት። የምድሯ ክፍል ትሻላለች። በዚህ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ባለቤትዎን ለማስደሰት ደግሞ የክፍሏን በር ሰፊ የመስታወት በር ማድረግ ይቻላል።

የምድሩ ወለል ራሱ ዝም ብሎ የሚታመን አይደለም። አብዛኛው ቤት ወለሉ ሙሌት፣ ሃርድኮር (የተደረደረ ድንጋይ) እና ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ነው። ሙሌቱ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ ከሠሩት ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም። ከቤቱ አጠገብ፣ ከግንቡ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሜትር የሚሆን የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ከ60 ወይም ከ80 ሳንቲ ሜትር በኋላ ቀይ አፈር ወይም ድንጋይ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ እስከ ታች ጥቁር ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ቤቱ ውስጥም ምልክት ይፈልጉ፤ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ የልስን ስንጥቅ፣ በጋ ላይ ከፍቶ ክረምት ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ አፈሩ ከሥር እየሠራ ነው።

አቀማመጡም ለዚህ ይረዳል። ከቤት ሥር ያለ ዋልካ በጣም የሚንቀሳቀሰው ዳር ዳሩ ነው፤ ዝናቡም ፀሐዩም የሚደርሰው እዚያ ነውና። መሃል ቤቱ ሥር ያለው እርጥበት ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ ገንዳውን በውጭው ግድግዳ በኩል አያስጠጉት፤ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ይሁን። ክፍልዎ 3 በ4 ስለሆነ ገንዳውን ከ4 ሜትሩ ግድግዳ ጋር ትይዩ አድርገው፣ ከኋላው 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ቢተዉ ቦታ አይጠብብዎትም። ይህች መተላለፊያ ቁፋሮውን ከግንቡ መሠረት ታርቅልዎታለች፤ በኋላም ቱቦና ገመድ ሲነካኩ ያመሰግኗታል።

እኔ ብሆን የምሠራው እንዲህ ነው። ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ የነበረውን ወለል 2 ሜትር ከ60 በ1 ሜትር ከ20 አድርጌ እቆርጣለሁ። ጥቁሩን አፈር እስከ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ካስፈለገም እስከ 1 ሜትር አወጣለሁ። በእሱ ፋንታ ግንበኞቻችን ሰሌክት የሚሉትን የማያብጥ የተመረጠ አፈር በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር ንብብር እያስገባሁ፣ እርጥበቱን እየጠበቅሁ፣ በደንብ አስጠቀጥቃለሁ። ንብብሩን አለማወፈር ነው ዋናው ነገር፤ ግማሽ ሜትር ሞልቶ ከላይ መደብደብ ታቹን ልል አድርጎ ይተወዋል። ከዚያ ሃርድኮር፣ ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት፤ ባለ 10 ፌሮ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወዲህና ወዲያ ተጠላልፎ የታሰረበት። ልኩ 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ቅልቅሉ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፤ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ይጨርሰዋል። 7 ቀን ውሃ ያጠጡት፤ 28 ቀን ሳይሞላው ክብደት አይጫንበት።

ሁለት ነገር እንዳይረሳ። ይህ ኮንክሪት ከቀሪው ወለልም ከግድግዳውም ጋር አይያያዝ። ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር ፎም አቁመው ያፍስሱት፤ ከደረቀ በኋላ ክፍተቱ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይደፈን። የቤቱ ወለል ሲነሣ ሲወርድ የገንዳውን ወለል ይዞት እንዳይሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ፊቱ ከክፍሉ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ወለል ሲታጠብ ወይም ውሃ ሲፈስ የመቆሚያው እግር ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ብረት የሚበላሸው ከእግሩ ነው። ቁፋሮው ከቤቱ መሠረት በታች መውረድ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን ቤቱን ያሠራው መሐንዲስ ሳያይ አይንኩት።

ጥቁሩ አፈር በጣም ጥልቅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም። ያን ጊዜ ኮንክሪቱን ሠርተው፣ ከላዩ የሚያርፈውን መቆሚያ በወፍራም ቡሎን ከፍና ዝቅ የሚል እግር ያድርጉለት። ወለሉ መንቀሳቀሱ ካልቀረ፣ መቆሚያው ተመልሶ የሚስተካከል ይሁን።

እንጨት ወይስ ብረት ላሉት፣ ለዚህ መጠን ብረት እላለሁ። ባህር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፤ ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የደረቀና ቀጥ ያለ ወፍራም ዋንዛ ማግኘትም መክፈልም ቀላል አይደለም። ቺፑድን በፍጹም አያስጠጉ፤ አንዴ ውሃ ከነካው አብጦ ይፈረፈራል። ከብሎኬት ገንብቶ ከላይ ኮንክሪት ማፍሰስም ይቻላል፤ ዝገት የለበትም፣ ርካሽ ነው። እኔ የማልወደው ክብደት ስለሚጨምርና ወለሉ ቢንቀሳቀስ ማስተካከያ ስለሌለው ነው። በቀይ አፈር ወይም በድንጋይ ላይ ያለ ቤት ቢሆን ኖሮ አልቃወምም ነበር።

የብረቱ ውፍረት ላይ ብዙ በያጆች «40 በ40 ይበቃል» ይላሉ። ከመሰበር አንጻር ካዩት እውነታቸውን ነው። የኛ ጉዳይ መጉበጥ ነው። ስድስት እግር ቢኖረው፣ ማለትም በየ1 ሜትሩ አንድ ጥንድ፣ 50 በ50 የሆነ ባለ 3 ሚሊ ቱቦ በዚህ ጭነት ከ1 ሚሊ በታች ይጎብጣል። ባለ 2 ሚሊ 40 በ40 ከሆነ 2 ሚሊ ገደማ ይጎብጣል። እግሮቹን ለውበት ብለው አራት ብቻ ቢያደርጓቸው ደግሞ መሃሉ 2 ሜትር ባዶ ይሆናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ በ16 እጥፍ ስለሚያድግ ያው 50 በ50 ራሱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። እግር ላይ አይቆጥቡ። ቱቦው በ6 ሜትር ስለሚሸጥ 4 ፍሬ ይበቃዎታል፤ ሲገዙ ውፍረቱን በካሊፐር ያስለኩ።

አሠራሩ ላይ ለበያጁ የሚነግሩት ይህን ነው፦ የላይኛው አግዳሚ እግሮቹ ራስ ላይ ይረፍ። በእግሮቹ መካከል ገብቶ በጎን በብየዳ ብቻ ከተያዘ ክብደቱን የሚሸከመው ብየዳው ይሆናል፤ ራሳቸው ላይ ከተቀመጠ ግን ብረት በብረት ላይ ነው። ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች ሰያፍ ብረት ይግባ፤ ያለዚያ መቆሚያው ወደ ጎን ይወዛወዛል። መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያያይዘውና ልኩ ይታይ፤ ከዚያ አንዴ በዚህ ጫፍ አንዴ በዚያ ጫፍ እያለ ይበይደው፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ከዞረ ሙቀቱ ያጣምመዋል። ማዕዘን መሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ሰያፍ ይለኩ፦ ለ200 በ60 ሁለቱም 208 ሳንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ መምጣት አለባቸው። የላይኛውን ፊት ለጥ ማለት በተወጠረ ሲባጎ፣ ልኩን ደግሞ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ ያረጋግጡ፤ አጭር ውሃ ልክ ለ2 ሜትር አይታመንም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሚሊ ልዩነት የመጨረሻው ነው።

ከዚያ የቱቦዎቹ ጫፍ ሁሉ ይዘጋ፣ ሁለት ጊዜ አንታይረስት ይቀባ፣ ከላዩ ቀለም። በላዩ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ጠርዙ ሳይቀር በቫርኒሽ የተዘጋ፤ በኮምፔርሳቶው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ፎም። ፎሙ ጥቃቅን አሸዋንና እኩል አለመሆንን ይውጣል፤ የወለሉን ዘንበል ማለት ግን አያስተካክልም። ልክ ማስተካከል ካስፈለገ ሁልጊዜ በመቆሚያውና በኮንክሪቱ መካከል ነው፤ የብረት ላሜራ አስገብተው ከሥሩ በሲሚንቶ ይሙሉት። መስታወት ሥር ሽብልቅ አይገባም፤ ከገባ ክብደቱ በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል።

ገንዳውን ሲያሠሩ የላይኛው ማጠናከሪያ መስታወት አይቀነስ። ውሃው እስከ አፉ ሲሞላ የፊተኛው መስታወት ብቻ 360 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ገንዳው በበርና በግሪል ማለፉን አስቀድመው ይለኩ፤ የማያልፍ ከሆነ መስታወቱን አስገብቶ እዚያው ክፍሉ ውስጥ በሲልከን ማጣበቅ ነው።

ወደ ክፍሉ። ትልቅ ገንዳ በበጋ ክፍት ከተተወ በቀን ጥቂት ሊትር ውሃ ወደ አየር ይለቃል፤ ክረምት ላይ የባህር ዳር አየር ራሱ እርጥብ ነውና ክፍሉ መተንፈስ ያቅተዋል፣ ኮርኒሱም ግድግዳውም ይሻግታል። ለገንዳው የመስታወት ክዳን ያድርጉለት፤ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ አየር ማውጫ፣ ቢቻል ትንሽ ቬንትሌተር ይኑር። ኮርኒሱ ከቺፑድ ከሆነ ከገንዳው በላይ ያለውን ይቀይሩት። ከምዕራብ የሚገባ ፀሐይ ገንዳውን እንዳያገኘው መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሃው ይሞቃል፣ መስታወቱም አረንጓዴ ይለብሳል።

ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ያስገቡ። ሴራሚኩ ወደ መውረጃው ዘንበል ብሎ ይነጠፍ፤ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የዚህ ቱቦ መድረሻ ከክፍሉ ጌጥ ሁሉ ይበልጥብኛል። በየሳምንቱ 100 ወይም 150 ሊትር ውሃ ይቀይራሉ። ያ ውሃ በግድግዳው ሥር ከፈሰሰ፣ በብዙ ድካም ከሥር ያወጡትን ችግር በራስዎ እጅ በጎን እየመለሱት ነው፤ በበጋ የደረቀውን ዋልካ በአንድ ጎን ብቻ ማጠጣት ክረምት ከሚያመጣው የከፋ ነው። ቱቦው ከቤቱ ርቆ ወደ ማንጎውና ወደ ፓፓያው ይሂድ፤ የዓሣ ውሃ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። በዚያው የጣሪያውን አሸንዳ ይዩት፣ የቤቱን ዙሪያ ሊሾ ያስደርጉ።

ለውሃ መለወጫ የሚሆን ሮቶ ውጭ ይቀመጥ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ክፍት ዕቃ ውስጥ በአየር መንፊያ እየተናጠ አንድ ቀን ቢያድር ይለቃል። 500 ሊትር ሮቶ ክፍሉ ውስጥ ቢያስገቡ ግን ሌላ 5 ኩንታል ያልታሰበበት ወለል ላይ ጫኑ ማለት ነው።

መብራት። ይህን እባክዎ በዝርዝር ይከታተሉኝ፤ ሰው የሚሞትበት ነገር ነውና። ሶኬቶቹ ከገንዳው አፍ ከፍ ብለው በጎን ግድግዳ ላይ ይሁኑ፤ በመቆሚያው ውስጥ ወለል ላይ የሚጣል ዲቫይደር አይኑር። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ለክፍሉ ብቻ የሚያገለግል፣ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ይግጠሙ። የብረት መቆሚያው ራሱ ከግራውንድ ጋር ይታሰር። ግራውንድ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ከሌለዎት ከገንዳው በፊት እሱን ያስቀብሩ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው፣ ፓምፑ ሲቆም በቱቦዎቹና በላይኛው ገንዳ አፍ ያለው ውሃ ወደ ታችኛው የማጣሪያ ገንዳ ይወርዳል። 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢወርድ ከእርስዎ ገንዳ 24 ሊትር ነው፤ በቱቦ ያለው ሲጨመር 30 ሊትር ይጠጋል። የታችኛው ገንዳ 100 በ40 በ40 ሆኖ 100 ሊትር ብቻ ቢይዝ 60 ሊትር ባዶ ቦታ ይኖረዋል፤ ያ ይበቃል። ውሃ ሞልተው ብሬከሩን ያጥፉና ቆመው ይዩት፤ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ይህን ያድርጉ።

ሁለተኛው የአየር ነገር ነው። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 8 ሚሊ ግራም የሚሆነው እዚህ ከ7 በታች ነው። ስለዚህ ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ላይ «ይህን ያህል ዓሣ ለዚህ ያህል ሊትር» የሚለውን ሲያነቡ ይቀንሱለት፤ ፓምፕ ሲቆምም የሚኖርዎት ጊዜ አጭር ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ባትሪ ከነኢንቨርተሩ ይኑርዎት። ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት፣ 10 ዋት የአየር መንፊያና 40 ዋት ፓምፕ አብረው ወደ 10 ሰዓት ይሠሩበታል፤ መንፊያውን ብቻ ካስቀሩት ደግሞ ከአንድ ቀን ያልፋል።

የጣና ዓሣ ማለትዎ ደስ ብሎኛል፤ ከሩቅ የመጣ ጌጠኛ ዓሣ በሞላበት ጊዜ የራሳችንን ሐይቅ ቤት ውስጥ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ምርጫው ይታሰብበት። ነጭ አሳ የምንላቸው ብዙ ዓይነት ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ክፍት ውሃ የለመዱ፣ ክረምት ላይ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው የሚራቡ፣ ሲያድጉ ከግማሽ ሜትር የሚያልፉ አሉባቸው። 2 ሜትር ለእነሱ ጠባብ ነው፤ አያስገቧቸው። አምባዛም ከ1 ሜትር በላይ ያድጋል፣ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችልም ክዳን ገፍቶ ወለል ላይ ይገኛል። ለእርስዎ ገንዳ የሚሆነው ጥቂት ወጣት ቀረሶ ነው፤ ሴቷ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስታሳድግ ማየት ለልጆች ከትምህርት በላይ ነው። እየጎለመሱ ሲሄዱ ግን ቁጥራቸውን መቀነስ ግድ ነው። ከሐይቁ ከመውሰድዎ በፊት ከተማው ውስጥ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ያነጋግሩ፤ የትኛው እንደሚፈቀድም፣ ጤነኛውን ከየት እንደሚያገኙም ይነግሩዎታል።

ቀረሶ አሸዋ ይቆፍራል። ድንጋዮቹን ስለዚህ በአሸዋው ላይ አያስቀምጡ፤ መጀመሪያ የገንዳው ታች ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ፣ በእሱ ላይ ድንጋዮቹ፣ አሸዋው በመጨረሻ ዙሪያቸውን ይፈሰስ። ሥሩ የተቆፈረበት ድንጋይ ተንዶ መስታወት ሲመታ መቆሚያው ምንም ቢጠነክር አያድንም።

ከዚህ ጋር አንድ ልመና። ሱቅ ውስጥ ያለ ጎልድ ፊሽም ሆነ ሌላ የውጭ ዓሣ ወደፊት ቢገዙ፣ ሰለቸኝ ወይም በዛብኝ ብለው ወደ ጣናም ወደ ዓባይም በጭራሽ አይልቀቁ። ለጌጥ ተብሎ እምቦጭ ገንዳ ውስጥ አይግባ፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐይቁ ላይ ታይቶ ያደረሰውን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። የገንዳው ፍሳሽ ወደ ማንጎውና ወደ ፓፓያው ይሂድ ያልኩትም ለቤቱ መሠረት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ወደ ሐይቅ በሚወርድ ቦይ እንዳይገባም ነው።

ሁሉም ሲያልቅ አንዴ አይሙሉት። ሩቡን ሞልተው ያሳድሩ፣ ግማሹን ሞልተው ያሳድሩ፣ እንዲህ እያሉ ያድርሱት። በየደረጃው በአራቱም ማዕዘን ከውሃው ፊት እስከ መስታወቱ አፍ ያለውን ርቀት በሚሊ ይለኩና በወረቀት ይጻፉ። የቆመ ውሃ ምንጊዜም ልክ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ከዚያ የፊት ግራውንና የኋላ ቀኙን ይደምሩ፤ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውንም ይደምሩ። ሁለቱ ድምሮች እኩል ከሆኑ ገንዳው ቢያዘነብልም እንደ አንድ ሰሌዳ ሆኖ ነው ያዘነበለው፤ ጥቂት ሚሊ ከሆነ አያሳስብም። ድምሮቹ ከ2 ሚሊ በላይ ከተለያዩ ግን መስታወቱ እየተጠመዘዘ ነው፤ ውሃውን ወደ ግማሽ ያውርዱና የመቆሚያውን እግር ያስተካክሉ።

ይህን ልኬት በዓመት ሁለት ጊዜ ይድገሙት፦ አፈሩ በጣም በደረቀበት በበጋው መጨረሻ፣ እና ውሃ ጠግቦ በሚወጣበት በመስከረም። ቁጥሮቹን መቆሚያው በር ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጥፏቸው።

ዋጋን በተመለከተ፣ የብረትም የሲሚንቶም ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አላስቀምጥም። የሙከራ ጉድጓዱን ሲያስቆፍሩ ግን በ50 እና በ100 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ክፍሉ ከየትኛው ኮለን (የቤቱ የኮንክሪት ምሰሶ) ምን ያህል እንደሚርቅም ይጻፉልኝ። ምን ያህል መውረድ እንዳለብዎት፣ መቆሚያውም ተስተካካይ እግር ያስፈልገው እንደሆነ ያን አይቼ እነግርዎታለሁ።